ከጭብጨባው በኋላ

(በፍኖተ ሰላም ለግጥም ንባብ ቡድን አባላትና ለእንግዶቻቸው የቀረበ ዲስኩር)

የተከበራችሁ መሪጌቶችና ቀሳውስት፣ እናቶችና አባቶች፣ መምህራን፣ ከቡሬ፣ ከማንኩሳና ከጅጋ የመንገዱን ነገር ችላችሁ የመጣችሁ ወጣቶች፤

ቡድናችሁ ሲጠራኝ «ስለ ግጥም የሆነ ነገር በለን» ነበር ያለኝ። ስለ ግጥም የሆነ ነገር ማለት ቀላል ነው፤ ሲባል የኖረው ብዙ ነውና። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። አንድ ሰው ተነሥቶ ግጥሙን አነበበ፤ እኛም አጨበጨብን። ከዚያስ?

በብዙ መድረክ የማየውን ልንገራችሁ። አንባቢው እጅ ነሥቶ ይወርዳል፤ መድረክ መሪው «በጣም ደስ የሚል ግጥም ነበር» ይላል፤ ቀጣዩ ይጠራል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከሰዓት በኋላው ያልቃል። በር ላይ «ከሰማችሁት ውስጥ የቱ ቀረላችሁ?» ብንባል የአንዱን ድምፅ፣ የሌላውን አለባበስ እናነሣ ይሆናል እንጂ አንዲት ስንኝ አስተካክሎ የሚደግም አይገኝም። ሁሉም ተመስግኖ ሄደ፤ የተሻሻለ ግን የለም።

ዛሬ የምለው አጭር ነው፤ ስለዚህ ደጋግሜ እለዋለሁ። የግጥም ቡድን ሥራው የሚጀምረው ጭብጨባው ሲያበቃ ነው። ይህን ሥራ ደግሞ ከሩቅ አገር ልንማረው አይገባም፤ ጎጃም ሲሠራው ኖሯል። መጀመሪያ ወደ ቅኔ ቤት፣ ቀጥሎ ወደ ደቦና ወደ ልቅሶ ቤት፣ ከዚያ ለአፍታ ወደ አዲስ አበባ መድረክ እወስዳችኋለሁ። በመጨረሻ እዚሁ ተቀምጠን አንዲት ግጥም እንፈታለን። ቅኔ ቤቱ ላይ ረዘም ብዬ ብቆይ አትታዘቡኝ፤ መሪጌቶች ፊት ቆሞ ቅኔን በጥድፊያ ማለፍ ነውር ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ቅኔ ቤት።

ጎንጅ ቴዎድሮስ ሩቅ አይደለም። የዋሸራም ስም በዚህ አዳራሽ ማስተዋወቂያ አያሻውም። የአገሪቱ የቅኔ መንገድ ሲቆጠር ከዋድላ ጋር የሚጠሩት እነዚህ ናቸው፤ ከሰሜንም ከደቡብም ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ የመጣው ተማሪ ሁሉ ወደዚሁ አገር ነበር የሚጓዘው። ተማሪው በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ናት። ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ ይሻገራል፤ ሦስት ሦስት ቤት። ዋዜማ አምስት፣ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ ስምንት እያለ ይወጣል። ሁለት ቤት ሳያቀና ስምንት የሚሞክር የለም። (በመጀመሪያ ግጥሙ አራት ገጽ ለሚጽፍ ወጣት ይህን ብቻ ብናገር ይበቃኝ ነበር።)

አሁን ግን ስለ ቤቱ ቁጥር አይደለም የማወራው፤ ስለ አመሻሹ ነው። ተማሪው ቀን ላይ ከጓደኞቹ ይለያል። ዛፍ ሥር፣ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ መቃብር ቤት አጠገብ ተሸጉጦ፣ ራሱን ተከናንቦ ቅኔውን ይቆጥራል። ወረቀት የለም፤ የሚጽፈው በአእምሮው ነው። ሲመሽ ተራውን ጠብቆ መምህሩ ወይም አስነጋሪው ፊት ይቆማል፤ ይነግራል። መምህሩ ያዳምጣል። ግሱ ተሳስቶ እንደሆን እዚያው ይመልሰዋል። ቤቱ ሞልቶ ምሥጢሩ ጎድሎ እንደሆን «ምሥጢሩ የታለ?» ይለዋል። ሰሙ ከወርቁ አልገጥም ብሎ እንደሆን አንዷን ቃል አውጥቶ ሌላ ያስገባለታል፤ ያን ጊዜ ቅኔው ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሠመረ እንደሆን ደግሞ «ይበል!» ይባላል። ያቺ «ይበል» በነጻ አትገኝም፤ ለዚህ ነው የምትጣፍጠው።

ልብ በሉልኝ፤ መምህሩ «መጥፎ ነው» ብሎ አያሰናብትም፤ «ግሩም ነው» ብሎም አያሰናብትም። ግጥሙን እንደ ሥራ ይዞ የጎደለውን ይሞላል። ተማሪውም አይቀየምም፤ የመጣው ሊታረም ነውና። በማግስቱ ደግሞ አዲስ ይቆጥራል እንጂ የትናንቱን አይደግምም። የሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ የነገረም ይታወቅበታል፤ አዳማጮቹ በጠቅላላ የሙያው ሰዎች ናቸው። እኛ «ውይይት» የምንለው ነገር ከዚህ የተሻለ ምን አለው?

ከቅኔ ቤት የምንተወውም አለ። ዱላውንና ፍርሃቱን እንተወዋለን። ለሴት ልጅ የጠበበውንም በር እንተወዋለን፤ ይህን ስል ግን እማሆይ ገላነሽን ሳልጠራ አላልፍም። ጽላሎ ላይ፣ የዓይን ብርሃናቸውን ያጡ ሴት፣ ከአባታቸው የተማሩትን ቅኔ በተራቸው ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን ተማሪዎች አስተምረዋል። ዓይናቸው አያይም፤ ጆሯቸው ግን የተሰበረ ቤት አያሳልፍም ነበር። እኛም የምንፈልገው እንዲህ ያለውን ጆሮ ነው።

ከዚህ ከጎጃም ጓሮ ማን ማን እንደወጣ ታውቃላችሁ። ባለቅኔው ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ሰው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ቅኔ ቀምሰው ነው ወደ ዘመናዊው ትምህርት የተሻገሩት፤ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የቤተ ክህነቱን ተማሪ ሕይወት በበዛብህ በኩል ያሳዩን ኖረውበት ነው። መጽሐፉን ያላነበበ ሰው እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቶታል፤ ስንትና ስንት ቤት በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስቦ እያዳመጠ፣ በማግስቱ በፊታውራሪ መሸሻ ሲሟገት ይውል ነበር። ያም ከንባብ በኋላ የሚደረግ ውይይት ነው፤ አዳራሽ አላስፈለገውም። ደራሲው አቤ ጉበኛም የዚሁ የጎጃም ልጅ ነው። የማንኩሳ ልጆች ደግሞ ዛሬ ቀና ብላችሁ ተቀመጡ፤ ገጣሚው በዕውቀቱ ሥዩም የእናንተ ነው። «ኗሪ አልባ ጎጆዎች»ን ይዞ ብቅ ሲል ገና ወጣት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ ከየአገሩ ገጣሚ በተጠራበት ታላቅ የግጥም ጉባኤ ኢትዮጵያን ወክሎ የቆመው እሱ ነው። ከዚህች ከእኛና ከቡሬ መሐል ካለች ከተማ ማለት ነው።

ሁለተኛው ቦታ ደቦውና ልቅሶ ቤቱ ነው።

ቅኔ ቤት ያልገባው ጎጃሜ ግጥም አጥቶ አያውቅም። አጨዳ ላይ አውራጁ ስንኝ ይጥላል፣ ተቀባዩ ያነሣል፤ ማጭዱም አብሮ ይሄዳል። ስንኙ ካልጣፈጠ ምን ይሆናል? ማንም «አልወደድኩትም» አይልም። ተቀባዩ ድምፁ ይላላል፤ ዜማው ይሞታል፤ ሌላው ከዳር ሆኖ የራሱን ይጥላል፤ ሰው ወደዚያኛው ይዞራል። ያለ አንድ የነቀፋ ቃል ግጥሙ ተመዘነ፣ ወደቀ ማለት ነው። ሠርግ ላይም እንደዚሁ ነው። አዝማሪ ቤትም «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጠው ሰው ስንኙ ደካማ እንደሆን አዝማሪው ራሱ ጠምዘዝ አድርጎ አቅንቶ ነው የሚያወጣለት።

ይህ የገበሬ ግጥም ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ጌቴ ገላዬ የምሥራቅ ጎጃምን የቃል ግጥም ለረጅም ጊዜ ሰብስበው አጥንተዋል። በደርግ ዘመን ስለ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ በኋላም ስለ መሬት ድልድሉ ገበሬው ምን ተሰማው ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከእነዚህ ግጥሞች ያገኛል። የ1989ኙን ድልድል እዚህ አዳራሽ ውስጥ የምታስታውሱ አላችሁ፤ ስብሰባ ላይ ዝም ያለው ገበሬ አጨዳ ላይ ዝም አላለም። አቤቱታ የማይደፍረውን ስንኝ ደፍሮታል። አድማጩም የሚፈታው በእርጋታ፣ እርስ በርሱ እየተያየ ነው። «ምን ማለቱ ነው?» የምትለዋ ጥያቄ ከዩኒቨርሲቲ አልመጣችም፤ ከእርሻ ማሳ ነው የመጣችው።

ስለ ሙሾ አንድ ነገር ብቻ። ሙሾ አውራጇ ስለ ሟቹ ያልሆነ ነገር ከተናገረች ልቅሶተኛው ያውቃል። ከብት ያልነበረውን «የበሬው ጌታ» ብትለው ሰው እንባው እየፈሰሰ እንኳ ይታዘባታል። እውነቱን በሦስት ቃል ስትነካው ግን ያላሰበው ሁሉ ያለቅሳል። የእናንተ ቡድን በዚህ ከተማ ከሚገኙ ሙሾ አውራጅ እናቶች አንዷን ጋብዞ «ስንኙ በምን ይመጣልሻል?» ብሎ ጠይቆ ያውቃል? ካልጠየቀ ትልቋን መምህርት ረስቷል።

ሦስተኛው የአዲስ አበባ መድረክ ነው፤ በዚህ ብዙ አልቆይም። በ1953 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በዓል ላይ ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል»ን በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሲያነብ ግጥም ምን ያህል ሊያነጋግር እንደሚችል ታየ፤ ከዚያ በኋላ የተማሪ ግጥም እንደ ተራ መዝናኛ መታየቱ ቀረ። በእኛ ዘመን ደግሞ ራስ ሆቴል ላይ በየወሩ ይካሄድ የነበረው «ግጥም በጃዝ»፣ አዳራሽ ሞልቶ ሰው በር ላይ እስኪቆም ድረስ ግጥምን ለሕዝብ መልሷል። ውለታው ትልቅ ነው። ቅር የሚለኝ ነገር ግን አለ፤ ሳክስፎኑ ደካማውንም ስንኝ ያሳምረዋል። ሙዚቃው ሲያበቃ ግጥሙን ብቻውን አስቀምጦ «እስቲ አንተን ልይህ» የሚል አይገኝም። ቀረርቶውና ክራሩ ሳይኖር የማይቆም ግጥም ገና አልቆመም።

በሌላ በኩል ከሁሉም የበለጠ ስለ ግጥም የሚወያየው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ተርጓሚ ነው። ክሪስ ቤኬትና ዓለሙ ተበጀ የበዕውቀቱን ግጥሞች፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2020 የብዙ የአማርኛ ገጣሚያንን ሥራ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱ እያንዳንዷ ስንኝ ላይ መቆም ግድ ሆነባቸው። ተርጓሚ «ደስ ይላል» ብሎ ማለፍ አይችልም፤ «ማን ነው የሚናገረው? ለማን? ይህች ቃል እዚህ ለምን መጣች?» ማለት አለበት። እኛም ሳንተረጉም እነዚህን መጠየቅ እንችላለን።

አሁን ወደ ሥራችን። ለዛሬ ብዬ የሠራኋቸውን ስንኞች ይዣለሁ፤ የማንም አይደሉም፤ ያለ ይሉኝታ ልትፈቷቸው ትችላላችሁ። አንድ ወጣት ይህን ይዞ መጣ እንበል፤

ፍቅርሽ ልቤን ይዞ ያቃጥላል በጣም፣
ሌሊት እንቅልፍ የለም ቀን ዕረፍት አይመጣም።

ይጨበጨብለታል፤ ምጣኔው የወል ቤት ነው፣ ስድስት ስድስት፤ ቤቱም ይመታል። እኛ ግን ጭብጨባው ካበቃ በኋላ ነው የምንጀምረው። «በጣም» ምን ትሠራለች? ምንም አትሠራም፤ «አይመጣም»ን ልትጠብቅ ተቀጥራ ነው የቆመችው። ልብ ይቃጠላል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ይህ በሰው ሁሉ ላይ የደረሰ ነው፤ የቡሬ ሰው ነው የጻፈው ወይስ የሞያሌ፣ አይታወቅም። ስለዚህ ልጁን አንድ ነገር ብቻ እንጠይቀው፤ «አንተ በምትኖርበት ቤት ውስጥ የሚያቃጥል ነገር ምንድን ነው?»

ቡሬ ላይ ይህ ጥያቄ መልስ አያጣም። በርበሬ ነው። ልጁ ሄዶ፣ አስቦ፣ በሴት ድምፅ ይህን ይዞ ተመለሰ እንበል፤

በርበሬ ለቅሜ ዓይኔን ባሸው እጄ፣
አለቀሰች አሉ ስትሄድ ወዳጄ።

አሁን ሌላ ነገር ሆነ። ማቃጠሉ አለ፣ ግን «ያቃጥላል» የሚል የለም። ልቅሶው አለ፣ ግን እሷ አላመነችም፤ «በርበሬው ነው» ብላለች። ጎረቤቱ ደግሞ አላመናትም። ማን ነው ትክክል? ግጥሙ አይነግረንም፤ ለዚህ ነው የሚያወያየው።

ውይይቱን እንቀጥል። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን ያወጣሉ። «ልጄ፣ ከማሳ በርበሬ የለቀመች ሴት እንዲህ አታለቅስም። ዓይን የሚያጠፋው ደርቆ ሲቀነጠስ ነው።» እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ስንኙ ይታረማል፤

በርበሬ ቀንጥሼ ዓይኔን ባሸው እጄ፣
አለቀሰች አሉ ስትሄድ ወዳጄ።

ሴትዮዋ አሁን ከማሳ ወጥታ ግቢዋ ውስጥ ገብታለች፤ ሰፌድ ከፊቷ ነው፣ መንገዱ በአጥሩ በኩል ይታያታል፣ ሰውየው በዚያ ሲያልፍ ጎረቤትም ያያታል። አንድ ግስ ተለወጠች፣ ስንኙ ቦታ አገኘ። ይህን ያረሙት ደግሞ ግጥም ጽፈው የማያውቁ እናት ናቸው። እንግዲህ «እኔ ገጣሚ አይደለሁም፣ ምን አስተያየት አለኝ» ብሎ ዝም የሚል ሰው ከዛሬ ጀምሮ ምክንያት የለውም።

ሌላ ሰው ደግሞ ይነሣል። «ስትሄድ ያለችው አንተን ነው ወይስ እሷን? ወዳጇ ሴት ብትሆንስ? አብራት ያደገችው ጓደኛዋ ተድራ ወደ ሌላ አገር ስትሄድስ?» ይላል። ልጁ ይህን አላሰበውም ይሆናል። ቢሆንም ስንኙ ይፈቅዳል። እኔ በበኩሌ ይህኛውን እመርጣለሁ፤ ስለ ባልንጀሮች መለያየት የተገጠመው ከፍቅረኞቹ በጣም ያነሰ ነው። እናንተ የመጀመሪያውን ብትመርጡ አልጣላችሁም።

ከዚህ ምሳሌ ለቡድናችሁ የምመክረውን ላውጣ። ግጥም ሁለት ጊዜ ይነበብ፤ የመጀመሪያው ለጆሮ፣ ሁለተኛው ለልብ። በሁለቱ መሐል ጭብጨባ አይኑር። ከዚያ ባለ ግጥሙ ዝም ይበል። ይህች በጣም ከባድ ናት፤ ግጥማችንን ለማስረዳት አፋችን ይበላናል። ነገር ግን አንባቢውን ቤቱ ድረስ ተከትለነው አንሄድም፤ ግጥሙ ብቻውን ካልተናገረ አሁኑኑ ማወቅ ይሻለናል። ሰዎች «ወደድኩ፣ ጠላሁ» ከማለታቸው በፊት የሰሙትን ይናገሩ፤ «አንዲት ሴት አየሁ፣ በርበሬ ትቀነጥሳለች» ይበሉ። ገጣሚው የጻፈው ሌላ፣ እኛ የሰማነው ሌላ እንደሆን ስንጥቁ እዚያው ይታያል። ሳንካው ከተገኘ ደግሞ እንደ መሪጌታው እናድርግ፤ «አይሆንም» ብለን አንተው፣ «ይህን ብትለውስ?» እንበል። ባለቤቱ መቀበልም አለመቀበልም መብቱ ነው። በአንድ ስብሰባ ሦስት ግጥም ይበቃል።

«ወጣት ይሰበራል» የሚለኝ ሰው አለ። አዎ፣ የሚሰበርም አለ። ለዚህ ነው እርማቱ ስንኙን እንጂ ልጁን የማይነካው። ደግሞስ የሚሰብረው እርማት ብቻ ነው? በሐሰት ጭብጨባ ያደገ ልጅ ብሩን አውጥቶ መድበል ያሳትማል፤ መጽሐፉ አልጋ ሥር ተከምሮ ይቀራል፤ ያን ጊዜ እውነቱን የሚነግረው ሰው ሳይሆን ገበያ ነው። ገበያ ደግሞ «ይህን ብትለውስ?» አይልም።

ስለ ቀሪው በአጭሩ። ምሽት መሰብሰብ ስለሚያስቸግር ስብሰባው እሑድ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ምሳ ከተበላ በኋላ ይሁን፤ ቡና ይፈላ። የቡሬዎቹ በሁሉም ሳምንት መምጣት ካልቻሉ እዚያው የራሳቸውን ይጀምሩ፤ በስልክ ግጥም መላላክ ይቻላል፤ ጽሑፉን ብቻ አትላኩ፣ በድምፅ አንብባችሁ ላኩት። በአዊ በኩል በአገውኛ የሚገጥሙ ልጆች አሉ፤ ጥሯቸው፤ መጀመሪያ በራሳቸው ቋንቋ ያንብቡ፣ ድምፁን እንስማ፣ ከዚያ ትርጉሙን ይንገሩን። ሙሾ በስልክ መቅዳት የሚፈልግ ሰው ልቅሶ ላይ አይቅዳ፤ ቤተሰቡ ካዘነበት ይቅርበት፤ ሌላ ቀን እናትዮዋን አስፈቅዶ ይጠይቃት።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ትልቅ ደብተር ግዙ። በግራው ገጽ ግጥሙ እንደመጣ ይጻፍ፣ በቀኙ ገጽ ከውይይት በኋላ እንደተስተካከለ ይጻፍ፤ የትኛዋን ቃል ማን እንዳረመም በጠርዙ ይመዝገብ። የታተመ መድበል በየመጻሕፍት መደብሩ አለ፤ ግጥም እንዴት እንደታረመ የሚያሳይ ደብተር ግን ብዙም አላየሁም። ደብተሩን የሚይዝ ሰው ሳንበተን ይመረጥ፤ ጽሕፈቱ የሚነበብ ይሁን። ከዚያ በኋላ የእኔን ሁለት ስንኞች ጨምሮ የምትጠይቁኝ ካለ መድረኩ የእናንተ ነው።